የኪዶንያ መንገድ ቆጠራ

የኪዶንያ መንገድ ለመኪና የተዘጋው ካቻምና በግንቦት ወር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አስፋልቱን አስነሥቶ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፈ፤ በግራና በቀኝ የመራራ ብርቱካን ችግኞች አስተከለ፤ አራት የእንጨት አግዳሚዎች አቆመ። በመንገዱ ሁለት ጫፎች ባሉት የመብራት ምሰሶዎች ላይ ደግሞ የጫማ ካርቶን የሚያህሉ ግራጫ ሣጥኖች ተሰቀሉ።

ከዚያ በፊት ከወደቡ ወደ ላይኛው ገበያ የሚወጡት ታክሲዎችና የዕቃ መኪናዎች የቤቶቹን በር ታክከው ነበር የሚያልፉት። ቤቶቹ ከትንሿ እስያ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች በጥድፊያ የሠሯቸው ዝቅተኛ ቤቶች ናቸው። ደጃፍ የላቸውም፤ መድረኩን የተሻገረ እግር የሚያርፈው በቀጥታ መንገዱ ላይ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ቃል «ቁም» ነበር።

ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ስታማቲስና ሚስቱ ኤሪፊሊ ይኖራሉ። ስታማቲስ ዕድሜውን የፈጀው የወደቡን ክሬን በመንዳት ነው። ጡረታ በወጣ በዓመቱ ስትሮክ መታው፤ ቀኝ ጎኑን ያዘው፣ ምላሱንም አሰረው። ሐኪሞቹ ሰው ካናገረው ንግግሩ ቀስ በቀስ ሊመለስ እንደሚችል ተናግረው ነበር። ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ የሚያናግረው ኤሪፊሊ ብቻ ነበረች፤ እሷም ከረጅም ዘመን ትዳር በኋላ ሊል የፈለገውን ሳይለው ስለምታውቅ፣ እንዲናገር የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። ውኃ ሲፈልግ ውኃው ከፊቱ ይቀመጣል። ሲበርደው ብርድ ልብሱ ጉልበቱ ላይ ይደረባል። ተሽከርካሪ ወንበሩን ከበር ማውጣት የማይታሰብ ስለነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በመስኮት በኩል የታክሲዎችን ጣሪያ እየተመለከተ ኖረ።

መንገዱ በተዘጋ በሳምንቱ አወጣችው።

ሌሎቹም ወጥተው ነበር። በአግዳሚዎቹ ላይ የተቀመጠ ግን የለም፤ እነሱ ለድመቶችና ለፍቅረኞች ተተዉ። የሰፈሩ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫው በደረቅ ሣር በተሸረበ የገዛ ቤቱ ወንበር ላይ፣ ከገዛ በሩ ፊት ነው። ከእራት በፊት ይወጣል፤ የዱባ ፍሬ እየፈለቀቀ፣ የሌላውን ኑሮ እየፈተፈተ ያመሻል። ከስታማቲስ በር ትይዩ የጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ የፕሮድሮሞስ ወንበር ነበር። ከጎኑ ደግሞ ሜሮጲ ትቀመጣለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ሰፈሩ «ኪራ ሜሮጲ» እያለ በአክብሮትና በመጠነኛ ፍርሃት የሚጠራት ሴት ናት።

ፕሮድሮሞስ ሕመምተኛን ማባበል አይችልበትም ነበር። በሦስተኛው ምሽት ወንበሩን ወደ ስታማቲስ አዙሮ፣ ሰፈሩ ሽማግሌን በሚጠራበት «ባርባ» ጠርቶ፣ እንዲህ አለው፦

«ባርባ ስታማቲ፣ ልንገርህና አትቆጣ። ያ ክሬን ክሬን የምትሉት ነገር ልጅም ይነዳዋል። ማንሻ መጎተት ነው፤ በቃ። እኔ ምላጭ ይዤ የሰው ጉሮሮ ላይ ስቆም ነበር ሥራ ማለት።»

የስታማቲስ ፊት ቀላ። ግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ጨበጠ። ከንፈሩ ሲታገል ቆየና፦

«ው... ውሸታም» አለ።

«ተናገረ እኮ» አለች ሜሮጲ። «ሁለት ዓመት ዝም ብሎ ቆይቶ የመጀመሪያ ቃሉ እውነት ሆነች።»

ኤሪፊሊ ወደ ቤት ገብታ የቧንቧውን ውኃ ከፈተችና ሲፈስ ድምፁን እየሰማች ቆመች።

ከዚያ በኋላ ፕሮድሮሞስ በየምሽቱ አንድ ስድብ ያዘጋጅለት ጀመር፤ ስለ እግር ኳስ ቡድኑ፣ ስለ መርከበኞች፣ ስለ አማቹ። ስታማቲስም መልስ ለመስጠት ቃል ይፈልጋል። አንዳንዴ ቃሉ የሚገኘው በማግሥቱ ነው፤ ፕሮድሮሞስ ግን ክርክሩን ካቆመበት ይቀጥለዋል። በዓመቱ ስታማቲስ ግማሽ ዓረፍተ ነገር መናገር ቻለ። ከኤሪፊሊ ጋር ብቻውን ሲሆን ዛሬም ዝም ይላል። እሷ ይህን አልተቀየመችም፤ ንግግሩ የመንገዱ እንደሆነ ገብቷታል።

የላይኛው ገበያ ነጋዴዎችና የታክሲ ባለንብረቶች ግን ለማዘጋጃ ቤቱ አቤቱታ አስገብተው ነበር። መንገዱ ይከፈትልን አሉ። ምክር ቤቱ በስሜት አልወስንም፣ በልኬት እንጂ፣ ሲል መለሰ። ከለኪ ድርጅት ጋር በተዋዋለው ውል መሠረት መንገዱ ከመታደሱ በፊት አንድ ሳምንት ተለክቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ በመስከረም ወር መጨረሻ አንድ ሳምንት በሣጥኖቹ ይለካል፤ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ሰዎቹ አዲሱን መንገድ በርግጥ የሚጠቀሙበት ከሆነ እንደተዘጋ ይቆያል።

ይህን ለማስረዳት የለኪው ድርጅት መሐንዲስ ኢስሚኒ በደብሩ አዳራሽ ስብሰባ ጠራች። ቀጭን፣ ትሑት ወጣት ናት፤ ሰው እንዲረዳት አጥብቃ ትፈልጋለች።

«ሣጥኖቹ ፊት አያዩም» አለች። «ስም አያውቁም። ምስልም አያስቀምጡም። ያለፈው ሰው መሆኑን ብቻ ይለዩና ቁጥር ያደርጉታል፤ ከዚያ ወዲያውኑ ይረሱታል።»

«እንደ ባሌ ነዋ» አለች ሜሮጲ፤ አዳራሹ ሳቀ።

«ታዲያ በዚያ ሳምንት እኛ ምን እናድርግ?» ሲል ፕሮድሮሞስ ጠየቀ።

«ምንም የተለየ ነገር አያድርጉ። እንደ ወትሮው ይኑሩ። ወንበርዎን ያውጡ፤ ይቀመጡ።»

ይህን ስትል ከልቧ ነበር። የሣጥኖቹን የውስጥ አሠራር የጻፉት በሌላ ከተማ የሚገኙ ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ እሷ የምታውቀው ለምን እንደተሰቀሉ ብቻ ነው።

ከአዳራሹ ሲወጡ ግን ሰዎቹ በአእምሯቸው የያዙት የእሷን ልኬት አልነበረም፤ ቆጠራን ነበር። በዚህ አገር የሕዝብ ቆጠራ ሲደርስ ሰው ወደ አያቶቹ መንደር ይመለሳል። በዋና ከተማው የሚኖር ሠራተኛ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ኮረብታ ወጥቶ፣ የአባቱን ቤት መስኮት ከፍቶ እዚያ ይቆጠራል፤ መንደሩ በወረቀት ላይ እንዳይሞት። ሐኪሙም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የአውቶቡሱ መስመርም የሚቆዩት በዚያ ቁጥር ነው። ቆጣሪው እስኪመጣ ድረስም ማንም ከቤት አይወጣም።

«የእናቴ መንደር ምን እንደሆነ ነግሬአችኋለሁ» አለች ሜሮጲ፣ በዚያው ምሽት ወንበሯ ላይ ተደላድላ። «ግማሹ ወይራ ሊለቅም ወጥቶ ነበር። መጡ፣ አንኳኩ፣ የሉም ብለው ጻፉ። ብዙ ሳይቆይ ሐኪሙን ወሰዱባቸው። ሰው ከቦታው ከታጣ የለም ነው።»

«ይሄ እኮ ማሽን ነው፣ ኪራ ሜሮጲ» አለ ፕሮድሮሞስ።

«ማሽን ሲሆን ይባስ። ሰው ሁለቴ ቢቆጥርህ ይቅርታ ይልሃል። ማሽን ሁለቴ ከቆጠረህ ግን አጭበረበሩ ይሉናል፤ እነዚያ ባለታክሲዎች ደግሞ ይህን ነው የሚጠብቁት። ስለዚህ ወዲያ ወዲህ የሚል እንዳይኖር። የተቀመጠ ይቀመጥ፤ ቆጣሪው አንድ በአንድ ይቁጠረን።»

ፕሮድሮሞስ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። የተቃወመ አልነበረም። ነገሩ ለሁሉም ጨዋነት ያለበት ነገር መሰላቸው።

ጥሪው ተላለፈ። የሜሮጲ ልጅ ከአቴና መጣ፤ የፕሮድሮሞስ ሁለት ሴት ልጆች ከነባሎቻቸው መጡ፤ ከሰፈሩ ከወጡ ዓመታት ያስቆጠሩ ሰዎች የእናቶቻቸውን ወንበር ከምድር ቤት አውጥተው አቧራውን አራገፉ። ወንበር ላነሰው ከደብሩ አዳራሽ ተበደሩ። ፕሮድሮሞስ ምላጩን አውጥቶ ወንዶቹን በነጻ ላጨ። በወትሮው ምሽት ሰዎቹን የሚያመላልሳቸው ነገር ሁሉ፣ ከበር ወደ በር የሚሻገረው የሽምብራ ሳህን፣ የሲጋራ ግዢው፣ ጎረቤትን ለመሰናበት የሚደረገው ያ ረጅም የቁም ወሬ፣ ቀን ላይ እንዲጠናቀቅ ተወሰነ። ልጆች በየጉልበቱ ላይ ተያዙ።

ኤሪፊሊ ለስታማቲስ የሠርግና የቀብር ሸሚዙን አለበሰችው። አንገትጌውን ስትቆልፍለት እጇን ያዘ።

«እኔን... ይቆጥረኛል?»

«ከሁሉ በፊት አንተን ነው የሚቆጥረው።»

«ከዚያ... አይዘጉብኝም?»

በሩን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች። «አይዘጉብህም» አለችው።

እንደዚያ ሆነው ሳምንቱን በየምሽቱ ተቀመጡ፤ በሁለት ረድፍ፣ ለፎቶግራፍ እንደተዘጋጀ ቤተሰብ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ወሬው አልቀረም፤ እንቅስቃሴው ብቻ ነው የቀረው።

«እማዬ፣ እግሬ ደነዘዘ» አለ የሜሮጲ ልጅ።

«አንተ ሹፌር አይደለህ? መሪ ላይ ውለህ የምታድረው እግርህን እያፍታታህ ነው?»

«መሪ ላይ ስሆን ይከፈለኛል።»

«እዚህም ይከፈልሃል። ስሞት ቤቱ ያንተ ነው፤ ተቀመጥ።»

«ባርባ ስታማቲ» አለ ፕሮድሮሞስ አንገቱን ሳያዞር፣ «ዛሬ ሁላችንም አንተን ሆነናል። እንዴት ነው ኑሮው?»

ስታማቲስ ሳቀ። ከፊቱ ግማሽ ብቻ የሚወጣ ሳቅ ነው፤ ግን ሳቀ። «ይለ... ይለመዳል» አለ።

በአንዱ ምሽት ኢስሚኒ ከሥራ ስትመለስ በመንገዱ አለፈች። የተሞላውን መንገድ ስታይ ደስ አላት። በሁለቱ ረድፎች መሐል ሰላምታ እየሰጠች ሄደች፤ ኤሪፊሊ በስኳር የተቀቀለ የመራራ ብርቱካን ልጣጭ በትንሽ ሳህን ሰጠቻት፤ ቆማ በላች፤ አመስግና ቀጠለች። በዚያ ምሽት ሣጥኖቹ ከመዘገቧቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ እሷ ራሷ እንደነበረች የዐወቀችው በኋላ ነው።

ሪፖርቱ የወጣው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። የምሽቱ ክፍል አጭር ነበር፦ መንገዱ በምሽት ሰዓታት በአብዛኛው ባዶ እንደሆነ፣ ከመታደሱ በፊት ከነበረውም ያነሰ እግረኛ እንደሚያልፍበት ይገልጻል።

ኢስሚኒ መጀመሪያ ሣጥኑ የተበላሸ መስሏት ነበር። አልተበላሸም። የሣጥኑ አሠራር ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ጥቂት ደቂቃ የቆየን ነገር ሁሉ ከሥዕሉ ያወጣል፤ የአበባ ማሰሮ፣ የቆመ ሞተር ሳይክል፣ የቆሻሻ በርሜል ሰው ተብሎ እንዳይቆጠር የተደረገ ማጣሪያ ነው። በሌላ ሳምንት ቢሆን ሳህን ይዞ የሚሻገረውና ለወሬ ተነሥቶ የሚቆመው ሰው በየጊዜው ይመዘገብ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን የተንቀሳቀሰ አልነበረም።

ወደ አለቃዋ ወደ ቭራሲዳስ ቢሮ ገባች።

«ሰዎቹ ነበሩ» አለችው። «በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። መንገዱ ሙሉ ነበር።»

«የአንቺ ዓይን በውሉ ውስጥ የለም።»

«ማጣሪያውን አንሥተን እንደገና እናስላው።»

«ከምኑ ላይ? ጥሬው መረጃ በዚያው ቅጽበት ይሰረዛል። አንቺ ራስሽ አይደለሽ በአዳራሹ የተመካሽበት?»

«ታዲያ እንደገና እንለካ።»

«የፕሮጀክቱ በጀት ይዘጋል፣ ኢስሚኒ። ደግሞስ ውሉን አንብበሽዋል? ‹አጠቃቀም› የሚለው ማለፍን ነው። ከዚህ ጫፍ ገብቶ በዚያ ጫፍ መውጣት። ሰዎቹ ቢንቀሳቀሱም ኖሮ በራቸው ላይ መቀመጣቸውን የሚቆጥርልሽ መሥመር የለም።»

«ይህን ለምክር ቤቱ እጽፋለሁ።»

«ጻፊ። እኔም አያይዤ እልከዋለሁ» አለ፤ ደግሞም ላከው። ክፉ ሰው አልነበረም።

ከምክር ቤቱ ስብሰባ በፊት ኢስሚኒ ኤሪፊሊ ቤት ሄደች። ስታማቲስ በር ላይ ከፕሮድሮሞስ ጋር ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች ወጥ ቤት ገብተው ቆሙ። ኢስሚኒ ሁሉንም ነገረቻት፤ ምንም አላስቀረችም።

«እና ምን ሆነን ነው የታየነው?» አለች ኤሪፊሊ።

«እንደ ዕቃ።»

«እንደ ምን ዓይነት ዕቃ?»

«እንደ አበባ ማሰሮ» አለች ኢስሚኒ። «ወይም እንደ ቆመ ሞተር ሳይክል።»

ኤሪፊሊ ፎጣውን አጣጥፋ አስቀመጠችው፤ ከዚያ መልሳ ዘረጋችው። «ስታማቲስ ይህን እንዳይሰማ» አለች።

ሰፈሩ ግን በማግሥቱ ሰማ። በየምሽቱ የነበረው ወሬ ተለወጠ።

«ብንላወስ ኖሮ» አለ ፕሮድሮሞስ። «ብንላወስ ብቻ።»

«በል ንገራቸው» አለች ሜሮጲ። «ሜሮጲ ናት አትንቀሳቀሱ ያለችን በላቸው።»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«ብለሃል። ፊትህ ብሏል። ምላጭህን ስታወጣ ግን ‹ጥሩ ሐሳብ ነው› ነበር ያልከው።»

«ዓለም እየተንቀሳቀሰ ሲቆጠር እኛን በወይራ ለቃሚ መንደርሽ ሕግ አስቀመጥሽን።»

ሜሮጲ ተነሥታ ወንበሯን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ገባች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ምሽቶች መብራቷ ይበራል፤ እሷ ግን አትወጣም። ፕሮድሮሞስ ለስታማቲስ ስድብ ማዘጋጀቱን ቀጠለ፤ ለዛው ግን ጠፍቶበት ነበር። ስታማቲስ ወደ ሜሮጲ በር እያየ «የት... የት ሄደች?» ይላል። ፕሮድሮሞስ «ብርድ ነው» ይለዋል።

የምክር ቤቱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነበር። ኤሪፊሊ የስታማቲስን ወንበር እየገፋች መጣች፤ ፕሮድሮሞስና ሌሎች ጎረቤቶች ከኋላ ተቀመጡ። የኢስሚኒ ማስታወሻ ለአባላቱ ታድሏል። ምክትል ከንቲባው አርጊሪስ ጉዳዩን አቀረበ።

«ማስታወሻውን አንብበነዋል፤ ሐቀኛ ጽሑፍ ነው» አለ። «እኔ ራሴ በዚያ መንገድ አልፌ ሰዎቹ ሲቀመጡ አይቻለሁ። እመሰክራለሁ። ግን ጠረጴዛው ላይ የማስቀምጠው ቁጥር እንጂ ምስክርነት አይደለም። ነጋዴዎቹም እኮ ምስክርነት አላቸው።»

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች ከአባላቱ አንዷ። «ለአግዳሚዎቹ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቷል። ለምንድን ነው አግዳሚው ላይ ያልተቀመጡት?»

«ወንበር እያለን?» አለ ፕሮድሮሞስ ከኋላ። ሰብሳቢው ዝም እንዲል ጠየቀው።

«መቀመጥ ጥሩ ነው» አለ ሌላ አባል። «እኔም እቀመጣለሁ። ግን መቀመጥ ትራፊክ አይደለም። መንገድ የሚሠራው ለሚሄድ ሰው ነው።»

ኤሪፊሊ ባሏን ወክላ እንድትናገር ተፈቅዶላት ነበር። ተነሣች፤ ከዚያ ሐሳቧን ለወጠችና ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አድርጋ ወደ ስታማቲስ አፍ አስጠጋችው። ለሚናገር ሰው የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው፤ በግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ።

«እኔ» አለ ስታማቲስ። አዳራሹ ጠበቀ። «እኔ... በር ላይ...»

ቃሉን ፈለገው። ግራ እጁ ከጉልበቱ ተነሥታ በአየር ላይ ተንጠለጠለች፤ መርከብ ላይ ጭነት ሊያወርዱ ሲሉ ሠራተኞች እንደሚያሳዩት ምልክት፣ ቀስ፣ ቀስ። ኤሪፊሊ ቃሉ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር። ከንፈሯን ነክሳ አልነገረችውም። ፕሮድሮሞስ ከኋላ ሆኖ፦

«ክሬን ልጅም ይነዳዋል፣ ባርባ ስታማቲ» አለ በለሆሳስ።

ስታማቲስ ግን አልሰማውም፤ ወይም አዳራሹ ሰፍቶበት ነበር። «በር ላይ... ስሆን...»

ሰዓቱ ዜሮ ላይ ደረሰ።

«አዝናለሁ፣ ጌታዬ» አለ ሰብሳቢው። ድምፁ በእርግጥ ያዘነ ነበር። «ጊዜዎ አልቋል።»

«የእኔን ሦስት ደቂቃ ስጡት» አለ ፕሮድሮሞስ።

«የመናገር ጊዜ አይተላለፍም።»

ኤሪፊሊ ድምፅ ማጉያውን ወደነበረበት ከፍታ መለሰችው። ድምፅ ተሰጠ፤ እጆች ወጡ፣ ወረዱ። ጸሐፊዋ ቆማ አነበበች፦

«ምክር ቤቱ የኪዶንያ መንገድ ከኅዳር ወር የመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ በሁለቱም አቅጣጫ ለተሽከርካሪ ክፍት እንዲሆን በአብላጫ ድምፅ ወስኗል።»